ጉሊየልሞ ማርኮኒ

ጉሊየልሞ ማርኮኒ (ሚያዝያ 18 ቀን 1866 ዓ.ም. – ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1937) የጣልያን ፈጣሪ፣ መሐንዲስና ነጋዴ ነበረ። ያለ ሽቦ የሚሠራውን ቴሌግራፍ ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለሕዝብ አገልግሎት ያበቃ ሰው ሆኖ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1909 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ከጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር ተካፈለ።

የሬድዮ ሞገድን ያገኘው ማርኮኒ አይደለም፤ ሞገዱ መኖሩን በሙከራ ያሳየው ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትዝ ነው። የማርኮኒ ዋና ሥራ መሣሪያውን ከቤት ውስጥ አስቀምጦ የአንቴናውን ሽቦ ወደ ውጭ ማውጣት፣ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጎ መስቀልና ሌላውን ከመሬት ጋር ማገናኘት ነበር። ይህ ቀላል የሚመስል አሠራር የመገናኛውን ርቀት ከጥቂት ሜትሮች ወደ ሺህ ኪሎ ሜትሮች አሳደገው። በኢትዮጵያ ታሪክ ግን ስሙ በሌላ ምክንያትም ይነሣል፤ ማርኮኒ የፋሺስት ፓርቲ አባልና የኢትዮጵያ ወረራ ደጋፊ ነበረ።

ልደትና አስተዳደግ

ማርኮኒ የተወለደው በጣልያን አገር በቦሎኛ ከተማ ነው። አባቱ ጁሴፔ ማርኮኒ ባለ ርስት ሲሆን እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ በውስኪ ጠመቃ ከሚታወቀው የአየርላንድ ቤተሰብ የመጣች ነበረች። ከእናቱ እንግሊዝኛ ተማረ፤ ይህም በኋላ ሥራውን በእንግሊዝ አገር ለማቋቋም ረድቶታል። አልፎንሶ የሚባል ታላቅ ወንድምም ነበረው።

ማርኮኒ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። ትምህርቱን በአብዛኛው ከግል አስተማሪዎች አገኘ። ሊቮርኖ ሳለ ቪንቼንዞ ሮዛ የተባለ መምህር ፊዚክስ አስተማረው፤ በቦሎኛ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ እንዲጠቀም ፈቀደለት። ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ1894 በ36 ዓመቱ ሲሞት ሪጊ ስለ እሱ የጻፈው ጽሑፍ የወጣቱን ማርኮኒ አሳብ ወደ ሞገዶቹ ሳበው። በዚያን ጊዜ ማርኮኒ 20 ዓመቱ ነበር።

ከጣሪያ ሥር ክፍል ወደ ሜዳ

የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ያካሄደው በፖንቴኪዮ መንደር በነበረው የቤተሰቡ ቤት፣ በቪላ ግሪፎኔ፣ ከጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ቀደም ሲል የሐር ትል ይረባበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ ማርኮኒ በክፍሉ አንድ ጥግ ቁልፍ ሲጫን በሌላው ጥግ ያለ ደወል ያለ ሽቦ እንዲጮህ አደረገ፤ ይህንንም መጀመሪያ ያሳየው ለእናቱ ነው።

መሣሪያው ሁለት ክፍል ነበረው። ማሰራጫው በሁለት የብረት ኳሶች መካከል የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የሚያዘልል ሲሆን፣ መቀበያው ደግሞ ኮሂረር የተባለ የብረት ብናኝ የያዘ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ነበር። ሞገድ ሲያገኘው ብናኙ እርስ በርሱ ይያያዝና ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። እነዚህን ዕቃዎች ከማርኮኒ በፊት ሌሎች ሠርተዋቸዋል፤ ኮሂረሩን ፈረንሳዊው ኤድዋር ብራንሊና እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ አሻሽለውት ነበር። ይሁንና በጊዜው የነበሩት ሊቃውንት ሞገዱ ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ ለመገናኛ ይጠቅማል ብለው አልተከታተሉትም።

እ.ኤ.አ. በ1895 ማርኮኒ ሙከራውን ከክፍሉ ወደ ሜዳ አወጣ። ከቆርቆሮ የተሠራ ሳጥን በእንጨት ምሰሶ ላይ ሰቅሎ በሽቦ ከፍንጣሪው አንድ ኳስ ጋር አገናኘው፤ ሁለተኛውን ኳስ ደግሞ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር አያያዘው። ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን በ2 ሜትር ምሰሶ ላይ ሲሰቀል ምልክቱ 30 ሜትር ያህል ደረሰ። ምሰሶው 4 ሜትር ሲሆን ርቀቱ 100 ሜትር፣ 8 ሜትር ሲሆን ደግሞ 400 ሜትር ሆነ። ከዚህም ከፍታው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ገደማ እንደሚያድግ ተረዳ። ሳጥኑን በጎኑ 1 ሜትር በሆነ ትልቅ ሳጥን ሲተካው ምልክቱ 2,400 ሜትር ተጓዘ።

በዚሁ ዓመት መቀበያውን ከኮረብታ ጀርባ አስቀመጠ። ማሰራጫው ከተቀመጠበት ቤት መቀበያው አይታይም ነበርና ምልክቱ መድረሱን ወንድሙ አልፎንሶ ጠመንጃ በመተኮስ እንዲያሳውቀው ተስማሙ። ተኩሱ ሲሰማ ሞገዱ ኮረብታውን አልፎ መድረሱ ታወቀ። በዓይን የማይተያዩ ሁለት ቦታዎች ያለ ሽቦ መገናኘት እንደሚችሉ የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

በእንግሊዝ አገር

ማርኮኒ በአገሩ የሚፈልገውን ድጋፍ ስላላገኘ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። ጊዜው ጣልያን በዓድዋ ድል የተመታችበት ወቅት ነበር። በእንግሊዝ ወደብ የጉምሩክ ሰዎች እንግዳውን መሣሪያ ሲፈትሹ ሰባበሩትና ማርኮኒ እንደገና ሠራው። ጁን 2 ቀን 1896 የፈጠራ መብት ማመልከቻውን አቀረበ።

የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ ወጣቱን በደንብ ተቀበለው። ረዳት ሆኖ የተመደበለት ጆርጅ ኬምፕ እስከ ብዙ ዓመታት አብሮት ሠራ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1897 ከዌልስ ባሕር ዳርቻ ከላቨርኖክ ወደ ፍላት ሆልም ደሴት 6 ኪሎ ሜትር በባሕር ላይ ተገናኙ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ምልክቱ ሰፊውን የባሕር ወሽመጥ ተሻግሮ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። ይህ ርቀት በባሌ ከሮቤ እስከ ጎባ ካለው መንገድ ጋር ይቀራረባል።

በዚያው ዓመት ማርኮኒ ኩባንያውን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1898 በቼምስፎርድ ከተማ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በማርች 1899 ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል 50 ኪሎ ሜትር ያህል መልእክት ተላለፈ። በኤፕሪል 1900 ቁጥሩ 7777 የሆነውን ታዋቂ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ይህም ብዙ ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው ሳይረባበሹ በተለያየ የሞገድ ርዝመት እንዲሠሩ የሚያስችል ነበር።

ፖልዱና ሲግናል ሂል

ቀጣዩ አሳቡ አትላንቲክ ውቅያኖስን መሻገር ነበር። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል በምትገኘው ፖልዱ ትልቅ ማሰራጫ ተሠራ፤ የኃይል ክፍሉን ያቀደው ፕሮፌሰር ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ነበር። አንቴናው በክብ በቆሙ 20 ምሰሶዎች የተያዘ ሲሆን የምሰሶዎቹ ከፍታ 60 ሜትር ያህል ነበር። በሴፕቴምበር 1901 ማዕበል መጣና ሁሉንም ጣላቸው። በአሜሪካ በኬፕ ኮድ የተሠራው አቻውም በዚያው ዓመት ወደቀ። ማርኮኒ በፖልዱ በሁለት ምሰሶዎች መካከል እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ቀላል አንቴና አሠርቶ ከኬምፕና ከፐርሲ ፔጀት ጋር በመርከብ ወደ ኒውፋውንድላንድ ተጓዘ።

በሴንት ጆንስ ከተማ አጠገብ ባለው በሲግናል ሂል ኮረብታ ላይ ምሰሶ ለማቆም ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ሽቦውን በባሉንና በካይት ወደ ሰማይ ለማንሣት ሞከሩ። ባሉኑን ነፋስ ወሰደው፤ የመጀመሪያው ካይትም ጠፋ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1901) ሌላ ካይት 150 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ይዞ ወጣ። ሽቦው ከካይቱ ወርዶ ሆስፒታል በነበረ አሮጌ ሕንፃ መስኮት በኩል ወደ ውስጥ ገባ፤ ማርኮኒም በጠረጴዛው ላይ ካለው መቀበያ ጋር አገናኘው።

ነፋሱ ካይቱን ከፍና ዝቅ ሲያደርገው የአንቴናው የኤሌክትሪክ ጠባይ በየቅጽበቱ ይለዋወጥ ነበር። ስለዚህ ለተወሰነ ሞገድ የተቃኘው መቀበያ ሊሠራ አልቻለም። ማርኮኒ ያልተቃኘ ቀላል መቀበያ መርጦ የስልክ ማዳመጫ በጆሮው ያዘ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ በሞርስ የ«ኤስ» ፊደል የሆኑትን ሦስት ነጥቦች ሰማ፤ ማዳመጫውንም ለኬምፕ ሰጠው። ፖልዱ ከዚያ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ማስረጃው የሁለት ሰዎች ጆሮ ብቻ ስለነበረ ብዙዎች ተጠራጠሩ። ዛሬም በእኩለ ቀን እንዲህ ያለ ሞገድ ያን ያህል ርቀት መሰማቱ ያከራክራል። ማርኮኒ ለጥርጣሬው የሰጠው መልስ ሌላ ሙከራ ነበር። በፌብሩዋሪ 1902 ፊላዴልፊያ በተባለች መርከብ ላይ ምልክቱ በወረቀት ላይ እንዲመዘገብ አደረገ፤ በሌሊት እስከ 3,378 ኪሎ ሜትር፣ በቀን ግን 1,125 ኪሎ ሜትር ብቻ ደረሰ። የቀንና የሌሊት ልዩነቱ ለማርኮኒም እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት አርተር ኬነሊና ኦሊቨር ሄቪሳይድ በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ ሞገድን የሚመልስ ንብርብር መኖር አለበት አሉ፤ ይህንን በ1920ዎቹ ኤድዋርድ አፕልተን በሙከራ አረጋገጠ።

በመርከቦች ላይ

የማርኮኒ ኩባንያ ትልቁን ገበያ ያገኘው በባሕር ላይ ነው። የቴሌግራፍ ሠራተኞቹ የመርከቡ ሳይሆኑ የኩባንያው ተቀጣሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1909 ሪፐብሊክ የተባለችው መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ስትጋጭ በሬድዮ በተላከው ጥሪ ከ1,000 በላይ ሰዎች ዳኑ። በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የተባሉት ሠራተኞች ጥሪ ማሰማታቸውን ባያቋርጡ ኖሮ ከ700 በላይ የሆኑት የተረፉ ሰዎች በሕይወት ላይገኙ ይችሉ ነበር። ፊሊፕስ ከመርከቧ ጋር ሞተ። ከዚህ በኋላ በመርከቦች ላይ የሬድዮ ጥበቃ ሳይቋረጥ እንዲኖር ዓለም አቀፍ ደንብ ወጣ።

ሽቦው ግድግዳን እንዴት ተሻገረ

በፍንጣሪ ዘመን የአንቴናው ሽቦ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከም ነበር። ሽቦው ከቤት ሲወጣ እርጥብ እንጨት፣ ድንጋይ ወይም ብረት ቢነካ ኃይሉ ወደ መሬት ይፈስሳል፤ ከዚያ የባሰ ደግሞ ግድግዳውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ጣቢያ ሲሠራ ሽቦው የሚወጣበት ቀዳዳ እንደ ምሰሶው ሁሉ ይታሰብበት ነበር። ሽቦውን በመስተዋት፣ በሸክላ ወይም ኤቦናይት በተባለ ጠንካራ ጥቁር ጎማ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ የተለመደ ሆነ። በመርከቦች ላይ ደግሞ ብራድፊልድ ኢንሱሌተር የሚባለው ዕቃ ያገለግል ነበር። እሱም በሬድዮ ክፍሉ ጣሪያ የሚያልፍ የኤቦናይት ቱቦ ሲሆን፣ ከላዩ እንደ ጃንጥላ የተደፋ ብረት ዝናቡንና የባሕሩን ውኃ ከሥሩ ያለውን ቱቦ እንዳያርስ ይከላከልለት ነበር።

በ1920ዎቹ የማርኮኒ ኩባንያ መሐንዲስ ቻርልስ ሳሙኤል ፍራንክሊን የተሻለ መንገድ አመጣ። ለአጭር ሞገድ ጣቢያዎች አንዱን የመዳብ ቱቦ በሌላው ውስጥ አድርጎ ኃይሉን ከማሰራጫው ቤት እስከ አንቴናው አደረሰ። በዚህ አሠራር ሞገዱ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ተዘግቶ ስለሚጓዝ የውጭው ቱቦ ግድግዳ ቢነካ ጉዳት የለውም። የዚህ መሠረተ አሳብ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1880 በሄቪሳይድ ስም በፈጠራ መብት ተመዝግቦ ነበር። ዛሬ በቴሌቪዥን ዲሽና በአማተር ሬድዮ የሚሠራበት ኮአክሲያል ኬብል የዚሁ ዘር ነው።

አጭር ሞገድና አማተሮች

ማርኮኒ ለረጅም ዘመን ትልልቅ ጣቢያዎችንና ረጅም ሞገዶችን ሲያምን ቆይቷል። መንግሥታት ከ200 ሜትር በታች ያሉትን ሞገዶች ዋጋ የላቸውም ብለው ለአማተሮች ተዉላቸው። አማተር ማለት ሬድዮን ለክፍያ ሳይሆን ለመማርና ለመገናኘት ብሎ በራሱ ቤት የሚሠራ ባለ ፈቃድ ሰው ነው። በዲሴምበር 1921 የአሜሪካ አማተሮች ምልክት በስኮትላንድ ተሰማ፤ በኖቬምበር 1923 ደግሞ አንድ ፈረንሳዊና አንድ አሜሪካዊ አማተር በ110 ሜትር ገደማ ሞገድ ውቅያኖሱን ተሻግረው ተነጋገሩ።

ማርኮኒም በዚያው 1923 ኤሌትራ በተባለችው የግል መርከቡ ከፖልዱ እስከ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች በ97 ሜትር ሞገድ ሙከራ አደረገ። አጭር ሞገድ በትንሽ ኃይል ሩቅ እንደሚሄድ ሲረዳ የኩባንያውን አቅጣጫ ቀየረ። በኦክቶበር 1926 እንግሊዝን ከካናዳ ጋር የሚያገናኘው የአጭር ሞገድ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ማርኮኒ ራሱን ከአማተሮች አንዱ አድርጎ ይቆጥር ነበር።

የግል ሕይወት

እ.ኤ.አ. በ1905 ቢያትሪስ ኦብራይን የተባለች የአየርላንድ ባለ ርስት ልጅ አገባ፤ ከልጆቻቸው ደኛ፣ ጁሊዮና ጆያ አደጉ። ጋብቻው በ1924 ፈረሰ። በ1927 ማሪያ ክሪስቲና ቤዚ ስካሊን አገባ፤ የተወለደችላቸው ሴት ልጅም እንደ መርከቡ ኤሌትራ ተባለች። በሴፕቴምበር 1912 በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ።

ፋሺዝምና የኢትዮጵያ ወረራ

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1914 የጣልያን ሴናተር ሆነ፤ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። ሙሶሊኒ በ1930 የጣልያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው፤ በዚህም የፋሺስት ታላቅ ምክር ቤት አባልነት አገኘ። በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆኑ ሰነዶች በእሱ ፕሬዚዳንትነት ዘመን አይሁዳውያን ዕጩዎች በስማቸው አጠገብ ምልክት እየተደረገባቸው ከአካዳሚው እንዲቀሩ መደረጋቸውን አሳይተዋል። በሌላ በኩል በ1931 የቫቲካን ሬድዮን ሠርቶ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጋር መረቀ።

የጣልያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወርር ማርኮኒ ወረራውን ደገፈ። በዚያው ወቅት የጣልያንን አቋም ለማስረዳት ወደ ውጭ አገር ተጓዘ፤ በእንግሊዝም በቢቢሲ ሬድዮ ለመናገር ጠየቀ። ቢቢሲ ግን አልፈቀደለትም። ኩባንያው ለቢቢሲ መመሥረት ትልቅ ድርሻ የነበረው ሰው በማይክሮፎኑ እንዳይናገር ተከለከለ።

በኢትዮጵያ በኩል በአቃቂ የሚገኘው የሬድዮ ጣቢያ በጣልያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የተሠራ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ ለውጭ ዓለም ተናገሩ፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ዜናቸውን በእሱ ላኩ። በጦር ሜዳ ግን ሬድዮ ኢትዮጵያን ጎዳ። በአየር የሚሄድን መልእክት ጠላትም መቀበያ ካለው ይሰማዋል፤ የጣልያን ጦር የኢትዮጵያን የሬድዮ ቴሌግራሞች እየጠለፈ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በፊት የንጉሠ ነገሥቱን እንቅስቃሴ ለመከታተል ተጠቅሞበታል።

ከባሌም ጦር ዘምቷል። የባሌ አገረ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርዕድ በደቡብ ግንባር ተዋጉ፤ አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላም ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር ትግሉን ቀጠሉ። ሁለቱም በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተገደሉ። በዚያው ወር በ12ኛው ቀን በአዲስ አበባ የሕዝብ ጭፍጨፋ ተጀመረ። ማርኮኒ የሞተው ከዚህ 5 ወር በኋላ ነው፤ ድጋፉን ስለ መለወጡ የሚታወቅ ነገር የለም።

ሞት

ማርኮኒ ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1937) በሮማ በልብ ሕመም በ63 ዓመቱ ሞተ። የጣልያን መንግሥት ታላቅ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረገለት። በማግስቱ የእንግሊዝ ፖስታ ቤትና የቢቢሲ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ጸጥ አሉ። አስከሬኑ በኋላ በቪላ ግሪፎኔ ወደ ተሠራለት መቃብር ተዛወረ፤ አካባቢውም ሳሶ ማርኮኒ ተባለ።

የፈጠራ ባለቤትነት ክርክር

ሬድዮን ማን ፈጠረ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በሩስያ አሌክሳንደር ፖፖቭ፣ በሕንድ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ፣ በእንግሊዝ ሎጅ፣ በአሜሪካ ኒኮላ ቴስላ በዚያው ዘመን ሠርተዋል። በ1943 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማርኮኒ ኩባንያ ስለ ማቃኛ የነበረውን አንድ የፈጠራ መብት ዋና ክፍል ሌሎች ቀድመውታል ብሎ ውድቅ አደረገ። ውሳኔው ስለዚያ መብት እንጂ ስለ ሬድዮ ፈጣሪነት በጠቅላላው አልነበረም።

አሠራሩ ዛሬ፦ የሮቤና የጎባ ምሳሌ

ማርኮኒ በቪላ ግሪፎኔ ያነሣቸው ሦስት ጥያቄዎች፣ ማለትም የአንቴናው ከፍታ፣ የመሬት ግንኙነቱና ሽቦው ከቤት የሚወጣበት መንገድ፣ ዛሬም አማተር ጣቢያ የሚያቆም ሰው ሁሉ ይገጥሙታል። የባሌ ደጋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሮቤና ጎባ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ሲገኙ፣ ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ይነሣል፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በቀጥታ መስመር ብቻ የሚጓዘውን የኤፍ ኤም ዓይነት ሞገድ እነዚህ ተራሮች ያግዱታል። ስለዚህ የመገናኛ ምሰሶ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይተከላል። በ7 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ግን 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ቢዘረጋ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከከፍተኛው ንብርብር ተመልሶ በዙሪያው ባሉ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይወርዳል። ተራራው በመካከል መኖሩ አይከለክለውም።

ከዚህ አንቴና የሚመጣው ኮአክሲያል ኬብል ቤት የሚገባበት ቦታ በደጋ አገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የባሌ ደጋ የበልግም የክረምትም ዝናብ ያገኛል። በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚቀደደው ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ውኃ ኬብሉን ተከትሎ ገብቶ ግድግዳውን ያሟሟል። ኬብሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞሮ እንደ ገመድ ቀለበት እንዲንጠለጠል ይደረጋል፤ ጠብታው ከዚያ ይወርዳል። ግድግዳ መቅደድ የማይፈልግ ተከራይ በመስኮቱ ክፈፍ ልክ ጣውላ ቆርጦ ማያያዣዎቹን በእሱ ላይ ይገጥማል፤ ሲለቅ ይዞት ይሄዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ኬብሉን እንዳይቆርጠው ይሸፈናል። ውጭ ያለው ማያያዣ በጎማ ፕላስተር ካልታሸገ ውኃው በኬብሉ ውስጥ እንደ ክር እየተሳበ ብዙ ሜትር ይገባል፤ ምልክቱም እየደከመ ይሄዳል።

ዋናው አደጋ መብረቅ ነው። ኬብሉ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የውጭው ሽፋኑ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይያያዛል፤ የመብረቅ መከላከያውም እዚያው ይገጠማል። ይህ ዘንግ ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ በመብረቅ ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት በመሣሪያውና በሰው በኩል ያልፋል። ነጎድጓድ ከመድረሱ በፊት ኬብሉን ከመሣሪያው ነቅሎ ውጭ መተው ከሁሉም ይሻላል፤ ምክንያቱም በቀጥታ የሚመታን መብረቅ ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ዕቃ የለም።

በኢትዮጵያ የአማተር ጣቢያ ለማቆም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሬድዮ ሞገዶችን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአገሪቱ አማተሮች የጥሪ ምልክት «ኢቲ» በሚሉት ፊደላት ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። በዚያ የሚማሩ ወጣቶች የሚሰቅሉት ሽቦ፣ የሚቀብሩት ዘንግና በመስኮት የሚያሳልፉት ኬብል ማርኮኒ በወጣትነቱ በአባቱ ቤት ከሞከረው አሠራር የመጣ ነው።